ያልታጠበ ፎቶ የለም

ሰሞኑን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞሩ እኔም ጋ ደረሱ። ሁለቱም የአንድ ቦታ ናቸው፤ ከአጋሮ ወጣ ብሎ እሸት ቡና የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ። በግራ ባለው ቡናው ፍም መስሏል፤ ከኋላው ያለው ጫካ ለምለም ነው። በቀኝ ያለው ደብዝዟል፤ ቡናውም ጫካውም አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ከግራው በላይ «ውሸቱ»፣ ከቀኙ በላይ «እውነተኛው» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከሥር ያለው ፍርድ የተለመደው ነው፤ «ኤዲት ነው»፣ «ፎቶሾፕ ነው»፣ «ጅማ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለ ቀይ አናውቅም»።

የግራውን ያነሳው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ያገለገለ ካሜራ ከሰው ገዝቶ፣ አንድ ቅዳሜ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ሌላ ቅዳሜ ሊሙ፣ ሌላ ጊዜ ጮጬ እየሄደ የጉዞ ፎቶ አንሺ ለመሆን ደፋ ቀና ሲል ሁለት ዓመቱ ነው። የቀኙን ያነሳው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አልጋ አጠገብ የቆመ ሌላ ሰው ነው፤ በስልኩ። ልጁ ማታ መጥቶ «ጋሼ፣ ‹ምንም አልነካሁትም› ብዬ ልጻፍላቸው?» አለኝ።

ከሐሜቱ ይልቅ ያበሳጨኝ ይህ ጥያቄ ነው። ነክቶታላ! ላይትሩም የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ ሰዓት ሙሉ ተጎልቶ ሲነካካው በዓይኔ አይቻለሁ። የስልኩንም ፎቶ ስልኩ ነክቶታል፤ ባለቤቱ ጣቱን ከማንሳቱ በፊት። ከሳሽና ተከሳሽ ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ያልተነካ ፎቶ የሚባል ነገር አለ ብለው ያምናሉ። የለም። ኖሮም አያውቅም።

ብርሃን በሌንስ ገብቶ ሴንሰር ላይ እንደሚያርፍ፣ ሴንሰሩም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ብርሃን ለቃሚ ነጥቦች እንዳሉት የትኛውም ስልክ ሻጭ ስለሚነግራችሁ እዘለዋለሁ። ስለ ሜጋፒክስልም አላወራም፤ የሰማነው ማስታወቂያ ይበቃናል።

ቃሉን ግን እናጥራ። በአማርኛ «ፎቶው የተቀነባበረ ነው» ሲባል ተጭበርብሯል ማለት ነው፤ ቃሉ ገና ከአፍ ሲወጣ ፈርዷል። «አርትዖት» የጽሑፍ ሰዎች ሆኗል። «ኤዲት» የምንለው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ይከታል፤ የጠቆረ ፊት ማብራትም ኤዲት ነው፣ ያልነበረ ሰው መጨመርም ኤዲት ነው። እኔ ወደ ድሮው ቃል እመለሳለሁ። ፊልም ለፎቶ ቤት ሰጥተን «መቼ ታጥቦ ይደርሳል?» እንል ነበር። አጣቢው በጨለማ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ውኃ አያፈስም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ብርሃኑ ስንት ሰከንድ ይረፍ፣ ፊት ሲጠቁር በእጁ ይከልለው፣ ሰማዩ ሲነጣ ጥቂት ይጨምርበት ብሎ ይወስን ነበር። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በብሩሽ ቀለም የሚቀቡም ነበሩ። ያኔ «ታጥቧል፤ ስለዚህ ውሸት ነው» ያለ ሰው አልገጠመኝም።

የጅማ ሰው ደግሞ ማጠብን በሌላ በኩልም ያውቀዋል። ቡና የታጠበና ያልታጠበ ተብሎ ይለያል፤ ሊሙ በታጠበው፣ ጅማ በአመዛኙ ባልታጠበው ስም አላቸው። ታዲያ ያልታጠበው ምንም አልተደረገበትም? ከዛፉ ይለቀማል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል፣ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፣ ይፈለፈላል፣ ይበጠራል። «ያልታጠበ» ማለት ውኃ አልነካውም ማለት እንጂ እጅ አልነካውም ማለት አይደለም። «ኖ ፊልተር» ተብሎ የሚለጠፈው ፎቶም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው እጅ ያለው ካሜራው ውስጥ ነው። ሴንሰር ቀለም አያይም፤ የሚያውቀው የብርሃን ብዛት ብቻ ነው። የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ያገኘበት ዘዴ ዛሬም በአብዛኞቹ ካሜራዎችና ስልኮች ውስጥ አለ፤ በየነጥቡ ላይ ጥቃቅን ባለቀለም ማጣሪያ ይደረጋል፤ ከየአራቱ ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። አረንጓዴው እጥፍ የሆነው ዓይናችን ጥቃቅን ዝርዝርን በይበልጥ የሚለየው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። በማሳ ውስጥ የተሰለፉ ለቃሚዎችን አስቡ። አንዱ ቀይ ብቻ ይለቅማል፣ ሌላው አረንጓዴ ብቻ። ማታ ቀይ ለቃሚውን «አንተ ዛፍ ላይ ስንት አረንጓዴ ነበር?» ብትሉት «እኔ አላየሁም፤ ጎረቤቶቼን ጠይቁ» ይላል። ካሜራውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጎረቤት እየጠየቀ የጎደለውን ይሞላል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 72 ሚሊዮን የቀለም ቁጥሮች አሉት፤ በትክክል የተለኩት 24 ሚሊዮኑ ናቸው። ቀሪው 48 ሚሊዮን ስሌት ነው።

«ግምት» ብዬ ብጽፈው የምስል ሂሳብ ሰዎች ይቆጡኛል፤ ትክክልም ናቸው። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት አንድ ዙር ቢጎድል ጥለቱን አይታ እንደምትሞላው ዓይነት ነው፤ የምትሳሳተው አልፎ አልፎ ነው። ካሜራውም የሚሳሳተው እንደ ነጠላ ጥለት ያለ ረቂቅ መስመር ሲገጥመው ነው፤ ያኔ ያልነበረ ቀለም ብልጭ ይላል። በሌላ መንገድ የተሠሩ ሴንሰሮችም አሉ። ግን ነገሬ ይህ ነው፤ ከፎቶአችሁ ቀለም ሁለት ሦስተኛው የተሰላ ሆኖ ሳለ «ኦሪጅናል» የምትሉት የቱን ነው?

አሁን ወደምወደው ነገር ደረስኩ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ከፀሐይ ወጥታ ዋንዛ ጥላ ሥር ብትገባ «ነጠላዋ አረንጓዴ ሆነ» አንልም። ግን ሆኗል። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩንና ሰማያዊውን አብዝቶ ይመገባል፤ አረንጓዴውን ከእነሱ ይልቅ ያሳልፋል። በጅማ ዙሪያ ያለ ቡና ደግሞ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከላዩ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሌላም ዛፍ ይቆማል። ቡናው እግር ሥር የሚደርሰው ብርሃን በቅጠል ላይ ቅጠል የተጣራ ነው። ይህን የማናየው ዓይናችን ስለሚቀንሰው ነው። ነጋዴ ጆንያውን ለብቻ መዝኖ ከጠቅላላው እንደሚቀንስ ሁሉ፣ ዓይንና አንጎል የብርሃኑን ቀለም ቀንሰው የዕቃውን ቀለም ያስቀራሉ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፎን ክሪስ እ.ኤ.አ. በ1902 ይህን በቀላል ሐሳብ ገለጸው፤ በዓይን ውስጥ ያሉት ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀባዮች እንደ ብርሃኑ ለየብቻ ጉልበታቸውን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ዝርዝሩ ዛሬ ከዚያ የተወሳሰበ ነው፤ ካሜራ ሠሪዎች ግን አሁንም የዚያ ሐሳብ ባለዕዳ ናቸው።

ካሜራ ጆንያው ስንት እንደሚመዝን አያውቅም። ቀላሉና አሮጌው መላ «ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት» ብሎ መነሳት ነው። በፍሬሙ ውስጥ ያለውን ቀለም ሁሉ ደምሮ ያካፍላል፤ አማካዩ ወደ ቀይ ካዘነበለ «ብርሃኑ ቀይ ነው» ይልና ቀዩን ይቀንሳል፤ ወደ አረንጓዴ ካዘነበለ አረንጓዴውን ይቀንሳል። ጅማ ከተማ መንገድ ላይ ይህ መላ በደንብ ይሠራል፤ አስፋልቱ፣ ቆርቆሮው፣ የሰው ልብስ ተደባልቆ ወደ ግራጫ ይጠጋል። ቡና አልጋ ላይ ስትወርዱ ግን ከፍሬሙ አብዛኛው ቀይ ፍሬ ነው። ካሜራው «ምን ያለ ቀይ መብራት ነው!» ብሎ ቀዩን ይቆርጠዋል፤ አረንጓዴና ሰማያዊውን ያነሳል። ጆንያውን ልቀንስ ብሎ ቡናውን ቀነሰ ማለት ነው። «እውነተኛው» ተብሎ የተጻፈበት የቀኙ ፎቶ ይኸው ነው። አመድ የለበሰው ስላልተነካ አይደለም፤ በተሳሳተ እጅ ስለተነካ ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የቅጠሉን ቀለም የብርሃኑ አድርጎ ይቆጥርና አረንጓዴውን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ የለቃሚዋ ጠይም ፊት ወደ ሮዝ ይሄዳል።

የዘመኑ ስልኮች በዚህ መላ ብቻ አይመሩም፤ ፊትን ይለያሉ፣ ሰማይን ይለያሉ፣ ከብዙ ፎቶ ተምረው ይገምታሉ። ለዚህም ነው ሁለት ስልኮች አንድ አልጋ ላይ ቆመው ሁለት ዓይነት ቀይ የሚያወጡት። ስሌቱ ቢረቅም ግምት መሆኑን አልተወም፤ በተማረባቸው ፎቶዎች ውስጥ ስንት ጠይም ፊት፣ ስንት እሸት ቡና እንደነበረ ደግሞ የሚነግረን የለም።

መድኃኒቱ ጆንያውን ራሳችን መመዘን ነው። ለልጁ ያስተማርኩት በሲኒ ነው። ቡናው ጥላ ሥር ገብተን ጌጥ የሌለውን ነጭ ሲኒ ደፍተን፣ ብርሃኑ በቀጥታ የሚያርፍበትን ጎኑን፣ ሴንሰሩ የለካውን እንዳለ በሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል አነሳነው። ለምሳሌ ያህል ሴንሰሩ ሲኒው ላይ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 100፣ ሰማያዊ 60 ቆጠረ እንበል። ሲኒው ነጭ ነውና ሦስቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ ቀዩን በ2.5፣ ሰማያዊውን በ1.67 እናባዛለን፤ ሦስቱም 100 ይሆናሉ። ያንኑ ማባዣ በዚያ ብርሃን ለተነሳው ፎቶ ሁሉ እንሰጣለን። ላይትሩም ላይ ያለችው የነጭ ሚዛን መምረጫ ጠብታ ሲኒው ላይ ስትጫኑት የምትሠራው ይህንኑ ማባዛት ነው፤ ተአምር የለውም። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ፤ አንዳንድ ሲኒ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወተት ያደላል፤ ሲኒው ከመጠን በላይ ነጥቶ ቁጥሩ ጣሪያ ከነካ ደግሞ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ግራጫ ካርድ የተሻለ ነው፤ ሲኒ ግን ጅማ ውስጥ የማይገኝበት ቤት የለም።

ስለ «ቀለም ሙቀት» አንድ ቅሬታ አለኝ። የቀትር ፀሐይ 5,500 ኬልቪን ገደማ፣ የድሮው አምፖል 2,800 ገደማ ነው። ሰው ቢጫውን «ሞቃት»፣ ሰማያዊውን «ቀዝቃዛ» ይላል፤ በፊዚክሱ የተገላቢጦሽ ነው። ቀጥቃጩን ጠይቁት፤ ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲብስበት ይነጣል። ጀማሪ የሚሳሳተው ግን እዚህ አይደለም። የኬልቪን መጎተቻ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ብቻ ይሄዳል፤ የቅጠል ጥላ ችግሩ አረንጓዴ ነው። ልጁ ያንን መጎተቻ ወዲያና ወዲህ እየሳበ ግማሽ ቀን ሲያለቅስ ዋለ፤ መፍትሔው ከሥሩ ያለው ቲንት የሚባለው፣ ከአረንጓዴ ወደ ማጀንታ የሚሄደው ሁለተኛው መጎተቻ ነበር።

ሁለት ብርሃን ሲደባለቅስ? ጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጥሩ መምህር ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. የጅማ ንጉሥ ነበሩ፤ በዘመናቸው የተሠራው ቤት ዛሬም ኮረብታው ላይ ጅማን ቁልቁል ያያል። ውስጡ ቆማችሁ አንድ ጎን በመስኮት የገባ የሰማይ ብርሃን፣ ሌላ ጎን የአምፖል ብርሃን ቢኖር፣ ለመስኮቱ የሚስማማው ማባዣ አምፖሉን ብርቱካን ያደርገዋል፤ ለአምፖሉ የሚስማማው መስኮቱን ሰማያዊ ያደርገዋል። «ትክክለኛው አንድ ቀለም» የሚባለው እዚያ ቤት ውስጥ የለም። ለየጎኑ ለየብቻ ማጠብ ወይም አንዱን መርጦ ሌላውን መተው የግድ ነው።

ቀይ ቡና ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ካሜራው የሚያሳያችሁ የብርሃን ሥርጭት ግራፍ፣ ሂስቶግራም፣ ብዙ ጊዜ የሦስቱ ቀለማት ድብልቅ ነው፤ በተለመደው ቀመር ለድምቀቱ ቀይ የሚያዋጣው 21 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አረንጓዴው 72 በመቶ ያህል ይዟል። ስለዚህ ቀዩ ብቻውን ጣሪያ ነክቶ ሳለ ድብልቁ «ገና ነኝ» ይላችኋል። ውጤቱ የምታውቁት ነው፤ ፍሬው ላይ ያለው መስመር፣ ጤዛው፣ ክብነቱ ጠፍቶ የቀይ ቀለም እድፍ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ የቀለሙን ጉልበት (ሳቹሬሽን) መጨመር በሞላ ሲኒ ላይ ቡና መቅዳት ነው። ሦስቱን ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ክፈቱ፤ ቀዩ ከዳር ሳይደርስ አንሱ።

ይህ ሁሉ ማባዛት በደንብ የሚቻለው በጥሬ ፋይል ነው። ሮው የሚባለውን «ጥሬ» ስንል ለአንዴ አማርኛው ከባለቤቱ የተሻለ ሆነ። ጥሬ ቡና ቀላ፣ ጠቆር፣ ለዘብ አድርጋችሁ ትቆሉታላችሁ። ካሜራው አጥቦ የሚሰጠው ጄፔግ የተፈላ ቡና ነው፤ ወተት ወይም ጨው ትጨምሩበት ይሆናል እንጂ ወደ ጥሬ አትመልሱትም። ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል በየቀለሙ 16,384 ደረጃ አለው፤ ጄፔግ 256። ቀዩን በ2.5 ስታባዙ ከ16,384ቱ ቢዘረጋ አይታወቅም፤ ከ256ቱ ሲዘረጋ ቀለሙ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል።

እንግዲህ የሚያከራክረው ላይ ደረስን፤ ቀስ ብዬ ልሂድ። «ሁሉም ፎቶ ይታጠባል» ማለት «ሁሉም ነገር ይፈቀዳል» ማለት አይደለም። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 እትሙ የጊዛን ፒራሚዶች ሽፋኑ ላይ እንዲበቁለት በኮምፒውተር አቀራርቧቸው ነበር፤ ፎቶሾፕ ለገበያ ከመውጣቱ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጨረሻው ዙር ከተቃረቡት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉን ጥሬ ፋይላቸውን አይቶ ጣለ። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው ደንቡን በቀላሉ ያስቀምጠዋል፤ ቀለም መንካት ይቻላል፣ ዕቃ መጨመርና መቀነስ አይቻልም። እኔም ለጀማሪ የምለው ይህንኑ ነው። ግን ደንቡ ቀዳዳ አለው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994 ሽፋኑ የጥቁር አሜሪካዊውን ተከሳሽ የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን ፊት ሲያጠቁረው ቁጣ የቀሰቀሰው የዕቃ መነቃነቅ ሳይሆን ቀለሙ ነበር፤ ቁጣውም የተገባ ነበር። በሌላ በኩል እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለቀን መቁጠሪያ ከተነሳ የጅሬን ፎቶ ላይ የመብራት ምሰሶ አጥፍቻለሁ፤ ማንም አልተጎዳም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በኋላ አንድ ሰው ያንኑ ፎቶ «ጅሬን ድሮ» ብሎ ሲያሰራጨው ምሰሶው የዘመን ምስክር እንደነበረ ገባኝ። ማስታወቂያ ሌላ፣ ዜና ሌላ፣ ሥዕል ሌላ ነው የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፤ የጉዞ ፎቶ በየትኛው ውስጥ እንደሚገባ ግን እኛ ፎቶ አንሺዎች እርስ በርሳችንም አልተስማማንም።

ስለዚህ ልጁን «‹አልነካሁትም› አትበል፤ የነካኸውን ጻፍ» አልኩት። ግን እሱ ትክክል፣ ስልኩ ስሕተት ብዬ የጻፍኩትን ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ሁለቱን ፎቶዎች ይዘን ወደዚያው አልጋ ሄድን። ቡና የሚገለብጡትን እናት ስልኩን አሳየናቸው። የቀኙን አዩና «ይኼ የእኛ አይደለም፤ የደረቀ ነው» አሉ። ተንፈስ አልን። ከዚያ የግራውን አስጠግተው አዩ፤ በጣታቸው አንድ ጥግ ላይ ነኩ፤ «እነዚህ ያን ቀን ገና ነበሩ፤ ለይቼ ያወጣኋቸው ናቸው። ማን አበሰላቸው?»

ልጁ ወደ መሬት አየ። ነጩን በሲኒ ካስተካከለ በኋላ ማታ ብቻውን ሌላ መጎተቻ ነክቶ ነበር፤ ብርቱካናማውን ቀለም ወደ ቀይ የሚስበውን። ያልደረሱት ቢጫና ብርቱካን ፍሬዎች ከደረሱት ጋር አብረው ቀሉ። ለአስተያየት ሰጪዎቹ የማይታይ፣ ለእኔም ያልታየኝ ነገር ነው፤ ለቡና ሰው ግን ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው።

በማግሥቱ ጥሬውን ፋይል እንደገና አጠበው። ቀዩ ቀይ፣ ያልደረሰው ያልደረሰ ሆኖ ወጣ። ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፈ፤ ነጩን በሲኒ እንዳስተካከለ፣ በፊተኛው ፎቶ ደግሞ ያልበሰለውን እንዳበሰለ። «ኤዲት ነው» ለሚሉት መልስ አልሰጠም።